ሁለት ዋንጫ በስንት ተራ ተገዛ? የታምፓ ቤይ ላይትኒንግ የድራፍት ግብይት ሲመዘን

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2021 የበረዶ ሆኪ ቡድኑ ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ሞንትሪያል ካናዲየንስን 1 ለ 0 አሸንፎ የሰሜን አሜሪካው ሊግ የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚያነሳውን የስታንሊ ዋንጫን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት አነሳ። በዚያ ምሽት የተቆጠረችው ብቸኛ ጎል የቡድኑን የዓመታት ግብይት በአንድ ቅብብል ውስጥ ያሳየች ጎል ነበረች። ፓኩን (በዚህ ጨዋታ በኳስ ፈንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ወደ ጎሉ አፍ ያሻገረው ተከላካዩ ዴቪድ ሳቫርድ ከሦስት ወር በፊት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት፣ ማለትም የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ፣ ተራ ተከፍሎበት ከኮሎምበስ የመጣ ሰው ነው። በሞንትሪያሉ በረኛ በኬሪ ፕራይስ ፊት ተገኝቶ ያስቆጠረው ሮስ ኮልተን ደግሞ በ2016 በአራተኛ ዙር፣ በ118ኛ ተራ፣ ቡድኑ ራሱ የመረጠው ልጅ ነው። አንዱ ከገበያ ተገዛ፤ ሌላው በቤት አደገ። ይህን ጎል ባየሁት ቁጥር ከሁለቱ የትኛው ለዋንጫው የበለጠ እንዳስፈለገ ለመወሰን እቸገራለሁ፤ የታምፓን ግዢዎች አንድ በአንድ ለመመዘን የተነሳሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ግምገማዬ የሚመለከተው አንድ የተወሰነ ገበያ ነው፦ የኤንኤችኤል ቡድኖች በየዓመቱ፣ በተለይም የልውውጥ ማብቂያ ቀን በሚቃረብባቸው በፌብሩዋሪና በማርች ወራት፣ የነገ የምርጫ ተራቸውን ከፍለው ዛሬ የሚጫወት ሰው የሚሸምቱበትን ገበያ። የምመዝነው በአንድ ደንበኛ በኩል ሲሆን፣ የሚሸፍነውም እስከ ጁላይ 2025 ያለውን ጊዜ ነው። ድራፍት ማለት ቡድኖች በየዓመቱ 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት እንደሆነ ላስታውስ፤ ሰባት ዙር አለው፣ በየዙሩ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ተራ ይደርሰዋል፣ ዋንጫ ያነሳው ቡድን የሚመርጠው ከዙሩ መጨረሻ ነው፣ ተራውም ከቡድን ወደ ቡድን ሊተላለፍ ይችላል። የዋንጫ ዘመን የምለው ደግሞ የአንድ ቡድን ዋና ዋና ተጫዋቾች ጉልበትና ልምድ አብሮ የሚገኝባቸውን ጥቂት ዓመታት ነው።

ስለ ተራ ዋጋ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያዝነው ሳይመረጥ ለቀረው ኮከብ ነው። ሐዘኑ ግን ያለቦታው የዋለ ይመስለኛል። ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን የመጀመሪያ ዙር ተራው የሚደርሰው ወደ ዙሩ መጨረሻ በመሆኑ፣ እዚያ የሚገኘው ልጅ ኮከብ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ለዋናው ቡድን ለመብቃትም ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል። ዋንጫውን ዛሬ ማንሳት ለሚችሉ ተጫዋቾች እንዲህ ያለው ልጅ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባልለት ዓይነት ሀብት ነው። እውነተኛው ወጪ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዲስ የተመረጠ ወጣት የመጀመሪያ ውሉ እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ሲሆን፣ መነሻ ደመወዙም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች እንዲሆን በሊጉ ስምምነት ተገድቦ ቆይቷል። አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላው ሊከፍል የሚፈቀድለት መጠን፣ ማለትም የደመወዝ ጣሪያው፣ በበኩሉ ከ2019–20 እስከ 2021–22 የውድድር ዘመን ድረስ በ81.5 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆሞ ነበር። ጣሪያው በማይንቀሳቀስበት ጊዜ ለአጥቂው ለኒኪታ ኩቼሮቭና ለበረኛው ለአንድሬ ቫሲሌቭስኪ ለየራሳቸው 9.5 ሚሊዮን ዶላር በጣሪያው ላይ የሚይዝ ቡድን፣ ሦስተኛና አራተኛ መስመሩን (መስመር ማለት እየተፈራረቁ አብረው የሚገቡ ሦስት አጥቂዎች ናቸው) ሊሞላ የሚችለው በርካሽ ሰዎች ብቻ ነው። አጥቂው ብሬደን ፖይንትም ከ2022–23 ጀምሮ በዚያው ደመወዝ ተጨምሯል። እንግዲህ ተራውን የሸጠ ቡድን በአብዛኛው የሚያጣው ያንን ርካሽ ሠራተኛ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱን ግዢ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በተራው የተገዛው ሰው ራሱ ርካሽ ነው ወይ፤ ርካሽነቱስ ስንት የጥሎ ማለፍ ወቅት ይዘልቃል?

ታምፓ ወደዚህ ገበያ በሙሉ ልብ የገባው ከመሪር ሽንፈት በኋላ ነው። በ2018–19 የውድድር ዘመን 62 ጨዋታ አሸንፎ ሊጉን በሰፊ ልዩነት የመራው ቡድን፣ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር በኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ አራት ለባዶ ተሸንፎ ተሰናበተ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጁሊያን ብሪዝብዋ ኃላፊነቱን ከስቲቭ አይዘርማን ከተረከቡ ገና የመጀመሪያው ዓመታቸው ነበር። አሠልጣኙን ጆን ኩፐርን አላሰናበቱም፤ ኮከቦቹንም አልበተኑም። በፌብሩዋሪ 2020 ግን በስምንት ቀን ልዩነት ሁለት አጥቂዎችን ገዙ።

መጀመሪያ ብሌክ ኮልማን ከኒው ጀርሲ ዴቭልስ መጣ፤ ዋጋውም በ2019 በ27ኛ ተራ የተመረጠው ኖላን ፉትና አንድ የመጀመሪያ ዙር ተራ ነበር። ይህ ተራ የታምፓ የራሱ አልነበረም፤ በጁን 2019 ጄ. ቲ. ሚለርን ለቫንኩቨር አሳልፈው ሲሰጡ የተቀበሉት ነው። ጉዳዩን የማነሳው ጥሩ ገዢ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ኪሱን እንደሚያዘጋጅ ስለሚያሳይ ነው። ቀጥሎ ባርክሌይ ጉድሮው ከሳን ሆዜ ሻርክስ መጣ፤ ለእሱ ታምፓ የራሱን የ2020 የመጀመሪያ ዙር ተራ ከአንድ ተጫዋች ጋር ሰጥቶ፣ ከጉድሮው ጋር የሦስተኛ ዙር ተራ ተቀበለ። በዓመት አሥር ጎል እንኳ ለማስቆጠር ለሚቸገር አጥቂ የመጀመሪያ ዙር ተራ መክፈል ያን ጊዜ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር።

ነገር ግን የሁለቱን ውል ማየት ያስፈልጋል። ኮልማን በጣሪያው ላይ የሚይዘው 1.8 ሚሊዮን ዶላር፣ ጉድሮው ደግሞ 925 ሺህ ዶላር ብቻ ሲሆን፣ የሁለቱም ውል እስከ 2021 የሚዘልቅ ነበር። ሁለቱ ተደምረው ሦስት ሚሊዮን ዶላር አይሞሉም። በድራፍት ማንም ቡድን ያልመረጠውን ያኒ ጉርድን መሐላቸው አስገብተው በሊጉ የታወቀ ሦስተኛ መስመር ሆኑ፤ የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂዎች የማስጨነቁን ከባድ ሥራ ወስደው ለፖይንትና ለኩቼሮቭ ቦታ ከፈቱላቸው። በሴፕቴምበር 2020 ዳላስ ስታርስ በስድስተኛው ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸንፎ ዋንጫው ሲወሰን የመጀመሪያዋን ጎል ፖይንት፣ ሁለተኛዋን ኮልማን አስቆጠሩ። ለጉድሮው የተከፈለው ተራም ታምፓ ዋንጫ በማንሳቱ 31ኛ፣ ማለትም በዚያ ዓመት የዙሩ የመጨረሻ ተራ ሆነ፤ ሳን ሆዜ በዚያ የመረጠው ኦዚ ዊስብላትም ለሻርክስ አንድም የኤንኤችኤል ጨዋታ ሳያደርግ በ2024 ወደ ናሽቪል ተላልፏል። ዕቃው በሠራ ቁጥር የተከፈለበት ዋጋ እየቀነሰ የሚሄድበት ግዢ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው አይመስለኝም።

አንዲት ቅጽበት ልጨምር። በ2021 የፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ሞንትሪያል ከታምፓ እጅግ የተሻለ ይጫወት ነበር፤ በጨዋታው ሙሉ 43 ጊዜ ወደ ጎል ሲመታ ቫሲሌቭስኪ 42ቱን አድኗል። ውጤቱ አንድ ለአንድ ሆኖ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ጉድሮው ፓኩን ይዞ ገሰገሰ፣ በተቃራኒ ወገን ለሚሮጠው ለኮልማንም አሻገረለት። ኮልማን አንድ የሞንትሪያል ተጫዋች ከኋላ እየያዘው ወደ ፊት ተወረወረ፤ ሰውነቱ በአየር ላይ እያለ በአንድ እጁ በዘረጋው ዱላ ፓኩን ፕራይስን አሳልፎ አስገባ። ሰዓቱ ላይ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልቀረም ነበር። ያቀበለውም ያገባውም በስምንት ቀን ውስጥ በተራ የተገዙት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ታምፓ ጨዋታውን 3 ለ 1 አሸነፈ። ለዚያች ቅጽበት ብቻ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ተራ ቢከፈል አልከራከርም።

የሳቫርድ ግዢ ከዚህ የተለየ ነው፤ ኪራይ ነው። ውሉ በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ የሚያልቅ ተጫዋች ማለት ለጥቂት ወራት ብቻ የተዋሱት ሰው ነው። በኤፕሪል 2021 ታምፓ ለኮሎምበስ የ2021 የመጀመሪያ ዙርና የ2022 ሦስተኛ ዙር ተራ ሰጠ፤ ለዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ደግሞ ከደመወዙ ሩቡን እንዲሸከምለት ብቻ የአራተኛ ዙር ተራ ከፈለ። ኮሎምበስም ግማሹን በመያዙ፣ ታምፓ ከ4.25 ሚሊዮን ዶላሩ የተሸከመው ሩቡን ብቻ ሆነ። በእኔ መመዘኛ ይህ ርካሽነት የቆየው ለአንድ የጥሎ ማለፍ ወቅት ነው። ሳቫርድ ከዋንጫው በኋላ በነጻነት ወደ ሞንትሪያል ሄዷል። ያም ሆኖ ዋንጫ የወሰነችውን ፓክ አቀብሎ ነው የሄደው።

ይህ ግዢ ጥሩ የሆነው በዋጋው አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ማስረጃው በማግስቱ የተደረገው ሽያጭ ነው። ሻጩ ያው ኮሎምበስ ነበር፤ ዋጋው ያው የ2021 የመጀመሪያ ዙር ተራ ከትናንሽ ተራዎች ጋር ነበር፤ ዕቃው የብሉ ጃኬትስ አምበል የነበረው ኒክ ፎሊኞ፣ ገዢው ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ነበር። ቶሮንቶ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ዙር ሞንትሪያልን 3 ለ 1 እየመራ ቆይቶ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ፤ ያው ሞንትሪያል ነው እስከ ፍጻሜ ደርሶ በታምፓ የተሸነፈው። ሁለት ደንበኞች ከአንድ ሱቅ በተመሳሳይ ዋጋ ገዝተው አንዱ ዋንጫ፣ ሌላው የሚያም ትዝታ ይዞ ተመለሰ። ልዩነቱ የነበረው ሳቫርድ በገባበትና ፎሊኞ በገባበት ቤት መካከል ነው፤ ታምፓ የጎደለው አንድ ተከላካይ ብቻ ነበር። ኪራይ የሚያዋጣው ቤቱ ተሠርቶ አንድ በር ብቻ ለጎደለው ሰው ነው።

በ2021 ክረምት ሒሳቡ መጣ። ጉርድ አዲስ ቡድን ከነባሮቹ ተጫዋች እንዲወስድ በሚፈቅደው ደንብ በሲያትል ክራከን ተወሰደ፤ ኮልማን በዓመት በ4.9 ሚሊዮን ዶላር የስድስት ዓመት ውል ወደ ካልጋሪ ሄደ፤ ጉድሮውን ከሌሎች ቀድሞ ለማነጋገር የሚያስችለው መብት ለኒው ዮርክ ሬንጀርስ በሰባተኛ ዙር ተራ ተላለፈ። ያ ሦስተኛ መስመር በአንድ ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በተጨማሪም ታምፓ የታይለር ጆንሰንን ደመወዝ ከጣሪያው ላይ ለማውረድ የ2023 የሁለተኛ ዙር ተራ ጨምሮ ለቺካጎ ሰጠ። ይህን ወጪ ልብ ይሏል፤ ዕቃ ለመግዛት ሳይሆን ዕቃ ለማስወጣት የተከፈለ ተራ ነው፣ የዋንጫ ዘመን ሲረዝምም እንዲህ ያለው ክፍያ እየበዛ ይሄዳል።

ከሁሉም ግዢዎች ያለማመንታት አንደኛ የማደርገው የብራንደን ሄግልን ነው። በማርች 2022 ታምፓ ለቺካጎ ብላክሆክስ የ2023ንና የ2024ን የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ከሁለት ወጣት አጥቂዎች፣ ከቴይለር ራዲሽና ከቦሪስ ካቹክ ጋር ሰጠ፤ በምላሹ ሄግልንና ሁለት የአራተኛ ዙር ተራ አገኘ። በወቅቱ ዋጋው እኔንም አስደንግጦኛል፤ ሄግል ቡፋሎ በ2016 በስድስተኛ ዙር መርጦት ውል ሳይሰጠው የለቀቀው ልጅ ነበርና። ነገር ግን ውሉ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ እስከ 2024 ይዘልቅ ነበር፤ ማለትም ታምፓ የገዛው ሦስት የጥሎ ማለፍ ወቅቶችን ነው። በ2022–23 ሠላሳ ጎል አስቆጠረ፤ በ2024–25 ደግሞ 35 ጎል አስቆጥሮ ጎልና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ በጠቅላላው 90 ነጥብ ሰበሰበ። የመጀመሪያ ዙር ተራ የሚመረጠው ለምንድን ነው? ከዓመታት በኋላ ወጣት፣ ርካሽና ታታሪ የሆነ ተጫዋች ይወጣዋል ተብሎ ነው። ታምፓ ያንን ተጫዋች የጥበቃውን ዓመታት ዘሎ በ23 ዓመቱ ገዛው። ተራውን ሸጠ ከማለት ይልቅ ተራውን አስቀድሞ አበሰለው ማለት ይሻላል።

በዚያው ሰሞን ኒክ ፖል ከኦታዋ በማቲው ጆሴፍና በአንድ የአራተኛ ዙር ተራ መጣ። ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቶሮንቶን 2 ለ 1 ባሸነፉበት የ2022 የመጀመሪያ ዙር ሰባተኛ ጨዋታ ሁለቱንም ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው። ቡድኑ በዚያ ዓመት ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በኮሎራዶ አቫላንሽ በስድስት ጨዋታ ተሸነፈ።

ወደ ታነር ጃኖ ስመጣ እጄ ይከብዳል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ በታማኝነት ተጋጭቷል፣ ለጓደኞቹም ቆሟል። ጥያቄው ስለ ተከፈለው ዋጋ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ታምፓ ለናሽቪል ፕሬዳተርስ የ2025 የመጀመሪያ ዙር፣ የ2024 የሁለተኛ ዙር፣ የ2023 የሦስተኛ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ዙር ተራዎችን ከአንድ ወጣት ተከላካይ ጋር ሰጠ። አምስት ተራ! በ2025 የሚመረጠው ልጅ ያን ጊዜ ገና 15 ወይም 16 ዓመቱ ነበር። ጃኖ በ2021–22 ለናሽቪል 24 ጎል ማስቆጠሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተገዛበት ዓመት በ56 ጨዋታ ያስቆጠረው አምስት ብቻ ነበር። ብሪዝብዋ የከፈሉት ላለፈው ዓመት ጃኖ ነው፤ የተረከቡት የዘንድሮውን ነው።

በመመዘኛዬ ሲታይ ደግሞ ጉድለቱ ይበልጥ ይጎላል። የጃኖ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያበቃው በዚያው ክረምት ነበር፤ አዲሱ የሁለት ዓመት ውሉ በዓመት 2.665 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ሄግል ሦስት ርካሽ የጥሎ ማለፍ ወቅት ይዞ ሲመጣ፣ ጃኖ የያዘው አንድ ብቻ ነው፤ በዚያም ታምፓ በቶሮንቶ በስድስት ጨዋታ ተሸንፎ በመጀመሪያው ዙር ወጣ። በታምፓ በቆየባቸው አንድ ሙሉና አንድ ከፊል የውድድር ዘመናት በመደበኛው ውድድር ያስቆጠረው ስምንት ጎል ነው። በጁን 2024 ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ ሲሸጥ የተገኘው አንድ የሁለተኛና አንድ የአራተኛ ዙር ተራ ብቻ ነበር። ያለፉት ግዢዎች የተሳኩለት ገዢ ዋጋ መጠየቅ ይተዋል የሚል ስጋት አለኝ፤ ጃኖም የዚያ መዘናጋት ውጤት ይመስለኛል።

ስለዚህ ግዢ ብዙ ሰው የሚያነሳው የመጀመሪያ ዙሩን ተራ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌሎቹ አራቱ ናቸው፤ ለዚህም ምክንያቱ ይህ ቡድን ራሱ የተሠራበት መንገድ ነው። ስቲቨን ስታምኮስ በ2008 አንደኛ፣ ቪክቶር ሄድማን በ2009 ሁለተኛ ሆነው ተመረጡ፤ ቫሲሌቭስኪም በ2012 በ19ኛ ተራ መጣ። እስከዚህ የመጀመሪያው ዙር ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ተመልከቱ፦ ኩቼሮቭ በ2011 በሁለተኛ ዙር 58ኛ፣ ፖይንት በ2014 በሦስተኛ ዙር 79ኛ፣ አንቶኒ ሲሬሊ በ2015 በሦስተኛ ዙር 72ኛ፣ አሌክስ ኪሎርን በ2007 በሦስተኛ ዙር 77ኛ፣ ኮልተን በአራተኛ ዙር 118ኛ፣ ኦንድሬ ፓላት በ2011 በሰባተኛ ዙር 208ኛ። ፖይንትን ለመምረጥ ታምፓ ከ80ኛ ወደ 79ኛ ለመሻገር ለሚኔሶታ የሰባተኛ ዙር ተራ ጨምሮ ሰጥቷል፤ ያን ጊዜ ለአንዲት ደረጃ እንኳ ያን ያህል ይሳሱ ነበር። የሌላው ቡድን ትራፊ ከሚመስለው ዙር ኮከብ የሚያወጣ የመልማዮች ቡድን ያለው ሰው የሦስተኛና የአራተኛ ዙር ተራውን ሲሸጥ፣ ከማንም የበለጠ ዋጋ ያለውን ንብረቱን በሌላው ሰው ዋጋ መሸጡ ነው። ለሌላ ቡድን የሦስተኛ ዙር ተራ የዕድል ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለታምፓ ግን ፖይንትና ሲሬሊ የበቀሉበት ማሳ ነው።

ውጤቱ በ2023 ድራፍት ላይ ታየ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ዙር ያሉት የታምፓ የራሱ ተራዎች በሙሉ ቀድመው ተላልፈው ነበር፦ አንደኛው ለሄግል፣ ሁለተኛው የጆንሰንን ደመወዝ ለማውረድ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ለጃኖ። ቡድኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አንድ ልጅ እንኳ መምረጥ የቻለው ሌላ ነገር በመሸጡ ነው፤ የሸጠውም ደመወዙ ሊጨምር የነበረውን ሮስ ኮልተንን ነው። በ2021 ዋንጫውን የወሰነችውን ጎል ያስቆጠረው፣ በአራተኛ ዙር ተመርጦ በቤት ያደገው ያ ልጅ፣ ለኮሎራዶ በ37ኛ ተራ ተለወጠ። በተራ የተገዛው ሳቫርድ ያቀበለውን የተቀበለ ሰው ራሱ ወደ ድራፍት ተራ ተለወጠ። የዚያን ቀን ዜና ሳነብ የተሰማኝ ቅሬታ አሁንም አልወጣልኝም።

የመጨረሻው ትልቅ ግዢ የማርች 2025 ነው። ያኒ ጉርድና ኦሊቨር ቢዮርክስትራንድ ከሲያትል መጡ፤ ዋናው ክፍያ የ2026ና የ2027 የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተራዎች ውስጥ ከወደቁ በታምፓ እጅ እንደሚቆዩ ዋስትና ተይዞላቸዋል። ጉርድ መጀመሪያ ታምፓ ሲመጣ አንድም ተራ አልተከፈለበትም፤ በ2021 የሄደውም ደንቡ አስገድዶ ነው፤ ሲመለስ ግን ከመጀመሪያ ዙር ተራ ጋር ተመዘነ። ልቤ በመመለሱ ደስ ብሎታል፤ ሚዛኔ ግን ጸጥ ብሏል። ጉርድ 33 ዓመቱ ሲሆን ውሉ በዚያው ወቅት የሚያልቅ ነበር፤ ቢዮርክስትራንድ በጉዳት ምክንያት በጥሎ ማለፉ አልተሰለፈም፤ ታምፓም ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት በፍሎሪዳ ፓንተርስ በአምስት ጨዋታ ተሸንፎ በመጀመሪያው ዙር ወጣ። ከ2022 ፍጻሜ በኋላ እስከ 2025 ድረስ ሦስት ጊዜ ጥሎ ማለፍ ገብቶ ሦስቱንም ጊዜ የመጀመሪያውን ዙር አላለፈም።

ለዚህ ቡድን ፍትሕ ለማድረግ ሌላውንም መናገር አለብኝ። ጄክ ጌንትዘልን በጁን 2024 ከካሮላይና ያመጡት የማነጋገሪያ መብቱን በአንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ገዝተው፣ ከዚያም በዓመት ዘጠኝ ሚሊዮን ዶላር የሰባት ዓመት ውል በመስጠት ነው፤ በማግስቱ የረጅም ዘመን አምበላቸው ስታምኮስ ወደ ናሽቪል ሄደ። ሚካይል ሰርጋቾቭንም ለዩታ ሰጥተው ወጣት ተከላካይ፣ ወጣት አጥቂና የሁለተኛ ዙር ተራ ተቀብለዋል። ይህ የዋንጫ ዘመኑ ያለቀ መሆኑን ያመነ ሥራ አስኪያጅ የሚያደርገው አይደለም፤ ቤቱን ሳያፈርስ ምሰሶ የሚቀይር ሰው ሥራ ነው። ኩቼሮቭ፣ ፖይንት፣ ቫሲሌቭስኪና ሄድማን አብረው እስካሉ ድረስም መግዛቱን እንዲያቆሙ አልመክርም። የምለው ሄግልን በገዙበት ዓይን እንዲገዙ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ዙር ተራዎቻቸውን ግን እንደ ሳንቲም ከሌላው ክፍያ ላይ እንዳይጨምሩ ነው። ለሌላ ቡድን ደጋፊ ደግሞ ምክሬ የተለየ ነው፤ ቡድናችሁ የጎደለው አንድ በር ካልሆነና ገና ግድግዳ የሚፈልግ ከሆነ፣ ከዚህ ገበያ በማርች ወር ምንም እንዳይገዛ ለምኑት።

ከ2018 እስከ 2025 በተደረጉት ስምንት ድራፍቶች ታምፓ በመጀመሪያው ዙር የመረጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በ2019 የተመረጠው ፉት ለኮልማን ተከፈለ። በ2022 በ31ኛ ተራ የተመረጠው አይዛክ ሃዋርድ በ2025 የአሜሪካ የኮሌጅ ሆኪ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የሆቢ ቤከር ሽልማትን ቢያገኝም፣ ከታምፓ ጋር ውል ሳይፈርም በጁላይ 2025 ወደ ኤድመንተን ኦይለርስ ተላለፈ። ከሁለቱ አንዳቸውም ለታምፓ አንድ ጨዋታ አልተጫወቱም። በሃዋርድ ምትክ የመጣው ሳም ኦራይሊ በ2024 በመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ተራ፣ በ32ኛው፣ የተመረጠ፣ ያን ጊዜ በካናዳው የወጣቶች ቡድን በለንደን ናይትስ ይጫወት የነበረ የመሐል አጥቂ ነው፤ ታምፓ ሲረከበው 19 ዓመቱ ነበር። በማጥቃትም በመከላከልም የሚጫወት፣ ለሦስተኛ መስመር የተፈጠረ የሚመስል ልጅ ነው። ማርች በመጣ ቁጥር ብሪዝብዋ የዚህን ልጅ ስም ለማንም ሻጭ እንዳይጠሩ ነው የምመኘው።